ወሬ አቀባዩ

ለትልቋ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? የነርስነቱ ትምህርትስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ካንቺ ናፍቆት በቀር ምንም አልሆንንም፤ ስፌቱም አለ፣ የእናትሽም ቁጣ አልበረደም።

ታናሽሽ ስለ ሰውነት ህብረ ህዋስ ልትፈተን ስለሆነ ሱቅ እየመጣች እኔ ላይ ትለማመዳለች። አራት ዓይነት ነው አለችኝ። በሙያዬ ተረዳሁት፦ ሸፋኙ እንደ ልብስ ከላይ ይጠብቃል፣ እንደ ገበርም ከውስጥ። አያያዡ ክሩ ነው። ጡንቻው የስፌት መኪናዋን የሚረግጠው እግሬ ነው።

“ነርቭስ?” አልኳት።

“እሱ ወሬ አቀባይ ነው፣ አባዬ። ሲያቃጥልህ ይነግርሃል።”

“እንግዲያውስ እናትሽ ናታ!” አልኳትና ተሳሳቅን።

ይህን ስናወራ ሱሪ እየተኮስኩ ነበር። እናትሽ ከበር ላይ “ምንድን ነው የሚሸተው?” አለች። ጨርቁን ገልብጬ አየሁት፤ ደህና ነው። እሷ ግን ጮኻ ግራ እጄን ከካውያው ላይ መንጭቃ አነሳችው። መቃጠሌን ያላወቅኩት ወሬ ይዞኝ ነው እንጂ ሌላ አይደለም፤ ቁስሉ ቅባት ተቀብቶ እየደረቀ ነው።

ካውያውን ከዚያ ወዲህ እሷ ይዛዋለች። ትናንት ደግሞ አንዱ ነጠላ ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ፣ መውለቁን ያወቅኩት ሱቅ ደርሼ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሲስቅብኝ ዋለ። ታናሽሽ ብቻ አልሳቀችም።

እሷ አንድ ጥያቄ አላት፤ ነርቭ አንዴ ዝም ካለ ተመልሶ ይናገራል ወይ?

እናትሽ ጉንጭሽን ስማለች፤ እኔም እንደዚሁ። ጥያቄው የታናሽሽ ነው፤ መልሱን ግን በእኔ ስም ላኪው።

አባትሽ