የአባትህ ኖራ

ሾንዬ፣ ከተለያየን ሰባት ወር ሆነን። ሃያ ስድስት ዓመት አብረኸኝ ኖረህ ከአማርኛ «ነይ» እና «ተይ» ብቻ ስለተማርክ፣ ይህን ደብዳቤ ማንበቡ የራስህ ጣጣ ነው።

ከአየርላንድ ያመጣኸው፣ በሰም የታሸገው ቆርቆሮ ጉድ ሠራኝ። አባትህ በትንሿ እርሻችሁ ያቃጠሉትን የመጨረሻውን የኖራ ድንጋይ በአርባህ ቀን ከውስጡ አውጥቼ ፎቶህ አጠገብ አስቀመጥኩት። ድንጋይና ከሰል እየደራረባችሁ ሦስት ቀን እሳት ስታነዱ፣ ጭሱ ይገድላልና እቶኑ አፍ ላይ እንቅልፍ እንዳይጥልህ እናትህ እንደሚጠብቁህ ስንቴ ነግረኸኛል። ውሃ እንዳይነካው ያልከኝን ግን ረሳሁት።

ቄሱ ሳሎኑን ጸበል ሲረጩ ለፎቶህ አዝነው እጥፍ አደረጉልህ። ድንጋዩ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ እንደ ሰው ተነፈሰ። ተሰነጠቀ፣ ጨሰ፣ አበጠ። ከጎረቤት ከተማ ከሄይዋርድ የመጡት አክስቴ እትዬ አልማዝ በስመ አብ ብለው በባዶ እግራቸው ወጡ። የኖራ ጠባይ መሆኑን አውቃለሁ፤ አንተው ነህ ያስተማርከኝ። ግን ፎቶህ ሥር ሲተነፍስ ስምህን ጠራሁ።

እትዬ አልማዝ በየቀኑ እየደወሉ ጣይው ይሉኛል። ልጃችን ሊያ ደግሞ ያንኑ በእንግሊዝኛ «ማሚ፣ ፕሊስ፣ ትሮው ኢት አዌይ» ትላለች። እኔ ግን አንተን ከቤት ማስወጣት መሰለኝና አልሆነልኝም። ፈርሶ ዱቄት የሆነውን ድንጋይ በጥብጬ፣ እናንተ በየዓመቱ ቤታችሁን እንደምትቀቡት፣ ጠዋት ሻይህን የምትጠጣበትን የጓሮ ግድግዳ ቀባሁበት።

ኖራ ሲቀባ ውሃ ይመስላል፤ የሚነጣው ሲደርቅ ነው። ተቀምጬ ጠበቅኩ። ግድግዳው ሁሉ ነጣ፤ አንተ የምትደገፍበት ቦታ ብቻ ቀረ። ትከሻህ፣ ከላይ ደግሞ ወደ ግራ ዘንበል የሚለው ጭንቅላትህ። ሊያ የፀጉርህ ቅባት ነው አለችኝ። ይሆናል። ደግሜ ቀባሁት። በማግስቱ ወደ እኔ ወንበር ትንሽ የተጠጋ መሰለኝ።

ፈራሁ፣ አልዋሽህም። ሊያ ለካችውና አልተንቀሳቀሰም አለች፤ ከዚያ ግን ደግማ ለካችው።

ለሦስተኛ ጊዜ አልቀባም። ጠዋት ጠዋት የከተማችን የሳን ሊያንድሮ ጭጋግ ሳይገፈፍ ሻዬን ይዤ አጠገብህ እቀመጣለሁ። በሕይወት እስካለሁ ያንን ቦታ ማንም አይደገፈውም፣ ማንም አያጠፋውም፤ ቃሌ ነው። ከፈለግህም ተጠጋ፣ ወንበሬን አላርቅም። ብቻ አሁን «ነይ» እንዳትለኝ፤ ሊያን ገና አልዳርኳትም።