ለባዶው የፊት ረድፍ የቀረበው ውዝዋዜ

«ክቡራን ተመልካቾቻችን፣ የፊት ረድፍ ለክብር እንግዶች ስለተያዘ፣ የዚህ ረድፍ ትኬት የቆረጣችሁ ሁሉ ወደ ኋላ በመዛወር እንድትተባበሩን በታላቅ ትሕትና እናሳስባለን።»

ለተከበሩ የቴአትር ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም ጉልበትዎን እጠይቃለሁ፤ ያለፈው ቅዳሜ ምሽት ከቢሮዎ እስከ አዳራሹ ያለውን ደረጃ መውረድ አለመቻልዎ አሳስቦኛልና። ከላይ የጠቀስኩት ቃል በቃል የእርስዎ ነው፤ ፊርማዎና ማኅተምዎ አርፎበት በአዳራሹ በር ላይ ተለጥፎ አግኝቼዋለሁ። ሰውን ከገዛው ወንበር በትሕትና ማስነሣት እንደሚቻል ሃምሳ ዓመት አልፎኝም አላውቅም ነበርና ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

አብራኝ የነበረችው ታላቅ እኅቴ ነች። ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ዓመቱ ሳያልቅ ጨርሶ ሊጠፋ እንደሚችል ሐኪሟ ነግሯታል። አሁን የምታየው ቅርብ ያለውን ብቻ ነው። ልጇ ደግሞ በዚያ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን መድረክ የምትወጣ የቤትዎ ተወዛዋዥ ነበረች። የፊት ረድፍን የመረጥነው ለኩራት አልነበረም።

ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው፦

1. ይህንኑ ለአስተናጋጅዎ ባስረዳው፣ «ጋሼ፣ እኔ ታዝዤ ነው፤ ደግሞ ከኋላም ቢሆን ሙዚቃው ለእናታችን ጥርት ብሎ ይሰማቸዋል» አለኝ። ውዝዋዜ በጆሮ የሚታይ መሆኑን ቤትዎ ስለደረሰበት እንኳን ደስ አላችሁ።

2. የተሰጠን ቦታ ከምሰሶ ጀርባ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነው። በሩ ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ይከፈታል፤ ሽታው ግን ማንም እስኪከፍትለት አይጠብቅም።

3. የክብር እንግዶቹ አልመጡም። አንድም ሰው። ነጭ ጨርቅ የለበሱት ወንበሮች፣ በየፊታቸው የታሸገ ውኃ እንደተደረደረላቸው፣ ትርኢቱ እስኪያልቅ ባዶ ነበሩ። መድረክ መሪዎ ግን ከተጻፈለት ዝንፍ ሳይል «በመካከላችን ስለተገኛችሁ ክብር ይሰማናል» ብሎ ለወንበሮቹ እጅ ነሣ፤ አዳራሹም አጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር ጨዋ ወንበሮች ናቸው፤ አንዳቸውም ስልክ አላነሡም።

4. ልጅቱ ስትወጣ እኅቴ ክንዴን ጨበጠች። «አሁን ምን እያደረገች ነው?» አለችኝ። እየዘለለች ነው አልኳት። «ዝላይማ ፍየልም ይዘላል! እጇስ? እጇን ንገረኝ እንጂ!» እጇ ከምሰሶው ወዲያ ነበር። አይታየኝም አልኳት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም፤ ሰው ሲያጨበጭብ እሷም አጨበጨበች። ልጅቱ እጅ ስትነሣ እናቷን የፈለገችው፣ አስቀድሞ እንደተነገራት፣ ፊት ረድፍ ላይ ነበር። ያገኘችው የታሸገ ውኃ ነው።

ስለ ድምፅ ማጉያው አምስተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ከአራተኛው በኋላ መጻፉ አስጠላኝ።

የትኬቱን ገንዘብ አልጠይቅም። የምጠይቀው ልጅቱ ያንኑ ውዝዋዜ፣ በፈለጉት ቀን፣ ጠዋትም ይሁን፣ በልምምድ ልብስም ይሁን፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንድትደግመውና እናቷ ፊት ረድፍ ተቀምጣ እንድታያት ነው። ለዚህ መብራትም ሆነ መድረክ መሪ አያስፈልግም፤ መጋረጃውን የሚከፍት አንድ ሰው ይበቃል። መልስዎን እስከዚህ ወር ሃያ አምስተኛ ቀን ድረስ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ጉዳዩ ለኮሚቴ ተመርቷል የሚለውን መልስ ግን ለሌላ ሰው ያቆዩልኝ፤ የእኅቴ ዓይን የኮሚቴ ስብሰባ አይጠብቅም።

በየትኛውም ረድፍ ቢያስቀምጡኝ አክብሮቴን የማልቀንስብዎ፣ ቁሜም ቢሆን የማመሰግንዎ፣

ከምሰሶው ጀርባ የነበረው ተመልካችዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ መጻፌን እኅቴም ልጇም አያውቁም። ልጅቱ «በፕሮግራም መጣበብ ምክንያት» ከሚቀጥለው ትርኢት ብትቀር፣ በትሕትና መጻፍ የሚችል ሰው ያለ ትሕትናም መጻፍ እንደሚችል በጋዜጣ ላይ ያነቡታል።