ስሟ እስኪወጣ የፎዚያ ልጅ

ሰኞ

መለሰው! እኔው የጻፍኩት ስኪማ የገዛ እህቴን ልጅ የደም ውጤት መለሰው።

ከኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ወደ እኛ ሆስፒታል ወደ ደሴ የሚመጣው መረጃ ኮምፒውተሮች በሚግባቡበት የጽሑፍ ቅርጽ፣ በኤክስኤምኤል ነው። በር ላይ እየፈተሸ የሚያሳልፈውን ደንብ፣ ስኪማውን፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። "ስም" የሚለውን የመረጃ ዓይነት ከተራ ጽሑፍ አውጥቼ አጥብቤዋለሁ፦ ባዶ አይሆንም፣ ቁጥር አይገባበትም፣ የራስና የአባት ስም ግዴታ ነው። ኮርቼበትም ነበር!

እህቴ ፎዚያ የወለደችው ቅዳሜ ነው። ሕፃኗ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ስም ግን የላትም፤ ስም በሰባተኛው ቀን፣ በግ ታርዶ ነው የሚወጣው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ውጤቱን በስልክ አነበበችልን። የእኛ ሆስፒታል ዶክተር በስልክ መሆኑን አልወደደችውም። "ለዛሬ ይሁን፤ ቁጥር በስልክ ሲነገር ይሳሳታል" አለች። ቢጫው ከባሰ ልጅቷ ደሴ መጥታ መብራት ሥር መተኛት አለባት፤ ካልሆነ አንጎሏን ሊጎዳው ይችላል። ያ ረቢ።

ማክሰኞ

አለቃዬ አቶ መኮንን "ምን ያስጨንቅሻል? ሕፃን በሏት" አሉ። የአባቷን ስም አህመድን አስከትለን ሞከርን፣ አለፈ። ደስታዬ ግን ሻይ እስክጠጣ እንኳ አልቆየም። ሁለት "ሕፃን አህመድ" መጡ! አህመድ የሚባል አባት ወሎ ውስጥ ጠፍቶ ነው? የአንዷ ውጤት ጤነኛ፣ የአንዷ ከፍ ያለ። የእኛዋ የትኛዋ ናት? ጤና ጣቢያው ስደውል ነርሷ "የፎዚያዋን ነው ወይስ የሰዓዳዋን?" አለችኝ። ከፍ ያለው የእኛዋ ነው። ዶክተሯ ነገም ይታይ አለች።

ከሰዓት ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ስሟን ዛሬውኑ አውጡላት ብዬ ልለምን። የፎዚያ አማት እማማ ሀዋ ተቆጡ። "ኮምፒውተር ነው እንዴ ለልጃችን ቀን የሚቆርጥላት? ስም እኮ ዱዓ ነው!" ፎዚያ አለቀሰች። እማማም ደነገጡና "አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ" ይሏት ጀመር። እኔም አፍሬ ወጣሁ። በሚኒባስ ስመለስ የነርሷ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ለካ ስም ያልወጣላቸውን ሕፃናት ሁሉም ሰው በእናታቸው ነው የሚለያቸው።

ረቡዕ

"ጨቅላ" የሚል አዲስ ዓይነት ከ"ስም" አወጣሁ። የእናት ስም ይግባ፣ ለመንታ ደግሞ ቁጥር ይፈቀድ አልኩት። ስኪማው እምቢ አለ! ልክ ነዋ፤ በማጥበብ የወጣ ዓይነት ይበልጥ ማጥበብ እንጂ ማስፋት አይችልም። ወላጁ የከለከለውን ልጁ አይፈቅድም። ይህንን ለሌሎች ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ፣ ወላሂ!

ከ"ስም" በላይ ወጥቼ እንደገና ጀመርኩ። መጀመሪያ ሰፊው "መጠሪያ"፦ ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ፣ አለቀ። ከእሱ ሁለት ልጆች፦ የድሮው "ስም" ከነጥብቅነቱ፣ እና "ጨቅላ"፦ የእናት ስም ከነአባቷ ስም፣ "ልጅ"፣ የወሊድ ተራ ቁጥር። አቶ መኮንን "የሚሠራውን ለምን ትነካኪያለሽ?" አሉ። "ሁለት ሕፃን አህመድ ስላለን" አልኳቸው። 

የዛሬው ውጤት እንደገና በስልክ መጣ። ትንሽ ጨምሯል።

ሐሙስ

"የፎዚያ አሊ ልጅ 1"። አለፈ! ቢሮው እስኪደነግጥ እልል አልኩ።

ከዚያ ቁጥሩን አየሁት። በጣም ጨምሯል። ዶክተሯ የአራቱን ቀን ውጤት ጎን ለጎን ካየች በኋላ "አሁኑኑ ትምጣ" አለች። አምቡላንሱ ሲደርስ አልጋውም መብራቱም ተዘጋጅቶ ነበር። ዓይኗን በጨርቅ ሸፍነው አስተኟት። እንዴት ትንሽ ናት! እማማ ሀዋ ከመስታወቱ ውጭ ቆመው ዱዓ ያደርጋሉ። አጠገባቸው ቆምኩ። እጄን ያዙኝ።

ዓርብ

ወረደ! አልሃምዱሊላህ፣ ቁጥሩ ወረደ!

ሰባተኛው ቀን ዛሬ ነው። በጉ ኮምቦልቻ እንደታሰረ ነው፣ እኛ ደሴ። እማማ "በጉ ይጠብቃል፣ ስሙ ግን ቀኑን አያሳልፍም" አሉ። አባቷ መስታወቱ አጠገብ ቆሞ "ኒዕማ" አላት። ፎዚያ አሁንም አለቀሰች፤ የዛሬው እንባስ ደግ ነው።

ሮጬ ወደ ቢሮ። "ኒዕማ አህመድ"። ያ ጥብቁ ዓይነት ምንም ሳያጉረመርም አሳለፋት። ነገም እንዲህ ከቀጠለ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ ኢንሻ አላህ።

ኮምፒውተሩን ልዘጋ ስል አንድ ውጤት ከኮምቦልቻ ገባ፦ "የሰዓዳ ይማም ልጅ 1"። ከፈትኩት። እሷም ደህና ናት።