ጫማ ሳይወልቅ ስለተመሰከረልን ደኅንነት

ለተከበሩ የከፍተኛ ኃይል መስመር ዝርጋታ ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ፤ ከሽቦው ርቀው ስለሚኖሩ ደኅና እንደሚሆኑ አልጠራጠርም። እኛም ስድስት ሽቦ በጣሪያችን ላይ ካለፈ ወዲህ፣ ከቢሮዎ በደረሰን ደብዳቤ መሠረት፣ ደኅና ነን።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ አባቴ የተከሏቸውን አሥራ አንድ የኮኮናት ዛፎች «ለመስመሩ ያሰጋሉ» ብለው ስላስቆረጡልን እናመሰግናለን። ዛፍ መስመሩን እንደሚያሰጋ፣ መስመሩ ግን ከሥሩ የሚተኛውን ሰው እንደማያሰጋ የተማርነው ያኔ ነው።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ላስትሪ የልብስ ማስጫው ሽቦ እየነዘረኝ ነው ብላ ስታመለክት፣ ቢሮዎ ነገሩ «ስሜት» መሆኑን ስላስረዳን እናመሰግናለን። ሽቦው የታሰረበትን የጣሪያ ቆርቆሮ አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ኤሌክትሪክ መኖሩን በሚፈትሽበት ቴስተር ቢነካው ቴስተሩ በራ። ቴስተርም ስሜት እንዳለው አናውቅም ነበር።

ሦስተኛ፣ መሐንዲስዎ አቶ ሄንዳርቶ ባለፈው ማክሰኞ አንድ ወረቀት ይዘውልን መጡ፤ ቤቱ ለመኖሪያ አስተማማኝ መሆኑን አምነን እንድንፈርም፣ ከፈረምን በኋላም ከመስመሩ ሥር አንሱን ብለን እንዳንጠይቅ። እዚህ መንደራችን ካራንግሶኖ ጫማውን ደጃፍ ላይ ሳያወልቅ ሰው ቤት የሚገባ ሌባ ብቻ ነው፤ እሳቸውም ከመስመሩ ማዶ ባሉት ጎረቤቶቻችን ቤት ሁሉ ሲያወልቁ አይቻለሁ። እኛ ቤት ግን የጎማ ቦቲያቸውን እንዳጠለቁ ዘው አሉ።

እናቴ፣ «ምነው ልጄ፣ ጫማህን? ምንጣፉን ትናንት ነው ያጠብኩት!» አለቻቸው።

«ይቅርታ እማማ፣ መመሪያ ነው።»

«የምን መመሪያ?»

«የደኅንነት» አሉ፤ ያሉትን ራሳቸው ሲሰሙት ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። መኪናቸውንም ለካ ከመስመሩ ማዶ ነበር ያቆሙት። እኔ ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም፤ እንዲያው ዓይኔ ያርፍበታል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ። ዝናብ እንዳባራ ይምጡልኝ፤ ጫማዎን ያውልቁ፣ በባዶ እግርዎ እርጥቡ ግቢያችን ላይ ቆመው በአንድ እጅዎ የላስትሪን ማስጫ ይያዙ፣ በሌላው ብዕሩን ያቀብሉኝ። ይህ ካልተመቸዎት ግን፣ ቤታችንን ከመስመሩ ሥር አንሥተው በሌላ መሬት ላይ ይትከሉልን።

በጣሪያዬ ላይ ስለሚያልፈው ኃይልዎ ዘወትር እጅ የምነሳ፣
ትሪስኖ፣ የመሬቱ ባለቤት (ከሥር ያለው)

ማስታወሻ፦ እናቴ አቶ ሄንዳርቶ ከሄዱ ወዲህ የአባቴን የሩዝ ማሳ ቦቲ አጥልቃ ነው የምትውለው፤ ስልሳ ዓመት በባዶ እግሯ በኖረችበት ቤት ውስጥ። ቤቱን ማንሣት ከከበደዎት የእኔ የቦቲ ቁጥር አርባ አንድ፣ የላስትሪ ሠላሳ ሰባት ነው።