ከድር ሆይ፣ ጥቁሩ ዘንግ አልተሰበረም

ውዴ ከድር፣ አሰላሙ አለይኩም። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ።

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። አገራችን ባሌ እንደምታውቃት ናት፤ ስንዴው እሸት ይዟል፣ የጠዋቱ ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ልጃችን ሐያት እዚሁ ሮቤ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ምህንድስና ነው የመረጠችው። የስፌት መኪናዬን ወደ መንገድ ዳር ክፍል አውጥቼዋለሁ፤ ብርሃኑ ይሻላል። ግን ለዛሬ የምጽፍልህ ስለዚያች ድንጋይ ስለምትወጣው የመጫወቻ መኪናህ ነው።

ወንድምህ ከሳዑዲ ያመጣልህ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሳቀብህ። ትልቅ ሰው፣ የቤት አባወራ፣ ሪሞት ይዞ! አንተ እቴ፣ ደንታም አልሰጠህ። እሁድ እሁድ ከሰለሞንና ከሌሎቹ ጓደኞችህ ጋር ከጎባ በላይ ወዳለው ድንጋያማ ዳገት ትወጡ ነበር። እኔም አንዳንዴ አብሬህ መጥቼ፣ መኪናህ እንደ ኤሊ እየተሳበች ድንጋዩን ስትቧጥጥ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። መሃሉ የተሰነጠቀው ትልቁ ቋጥኝ ግን አሸነፈህ። የፊት ጎማዋ ስንጥቁ ውስጥ በተቀረቀረ ቁጥር፣ ሁለቱን ጎማዎች አያይዞ የሚያዞረው የመሪ ዘንግ ቀጭ ይላል። ፕላስቲኩ ተሰበረ። ከወፍራም ሽቦ ሠራህ፤ ተጣመመ። «ዘሃራ፣ ቀላልም ጠንካራም የሆነ ነገር ባገኝ!» እንዳልክ ሄድክ።

አንድ ቀን ሰለሞን ሊጠይቀን መጣ። አሁንም ቱሪስቶችን ወደ ሳነቴ ያመላልሳል። አንዱ እንግዳ የተሰበረ የተራራ ምርኩዙን መኪናው ውስጥ ትቶለት ስለሄደ፣ «ለድንኳን ካስማም አይሆን» ብሎ ጥግ ላይ አስደግፎት ገባ። ሐያት አንስታ አየችውና «እማዬ፣ ይሄ እኮ ካርቦን ፋይበር ነው» አለችኝ። ያዝኩት። ከሸምበቆ ይቀላል፣ ብታጎብጠው አይጎብጥም። የተሰበረበትን ጫፍ ወደ መስኮቱ ይዤ ሳየው ጥቃቅን ጥቁር ክሮች ብቅ ብቅ ብለዋል። ለካ ክር ነው! ሙጫ ጠጥቶ የደረቀ ክር። ክርማ የኔ ነው አልኩ በልቤ።

ምርኩዙን በብረት መጋዝ ቆርጬ፣ ቁመቱን ሰንጥቄ ለመሪ ዘንግህ የሚሆን ቀጫጭን ስንጣሪ አወጣሁ። ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ነው ብላ ሐያት አፍና አፍንጫዬን ሸፍና፣ ውሃ ውስጥ አስገብቼ በብርጭቆ ወረቀት እንድሞርደው አደረገችኝ። ስንጣሪዎቹን ሁለቱ ተቀላቅሎ በሚደርቀው ሙጫ ደራረብኩና በሁለት ጣውላ መካከል አጥብቄ አሰርኩ። በማግስቱ ስፈታው እንደ እርጥብ ወረቀት ተላቀቀ። የሮቤ ብርድ ሙጫውን አላስደርቅ አለው። ጫጩቶቼን በአምፖል ከሚሞቁበት ሳጥን አስወጥቼ ዘንጉን በቦታቸው አስተኛሁት። ጫጩቶቹ ምድጃ ዳር ቅርጫት ውስጥ ሆነው ቀኑን ሙሉ ሲጮሁብኝ ዋሉ! ዘንጉ ግን እንደ ድንጋይ ደረቀ።

ቀጥሎ ለብሎኑ ጫፉን ስበሳ ተሰነጠቀ። ሌላ ሠራሁ፤ እሱም ተሰነጠቀ። ያኔ ትንሽ አለቀስኩ፣ አልዋሽህም። ደንበኛዬ ኮት ልትወስድ መጥታ የቁልፍ ቀዳዳውን ጠርዝ ስጨርስላት ነው የገባኝ። ጨርቅም እኮ ዳሩ ካልተጠለፈ ቀዳዳው ይተረተራል። በሚቀጥለው ዘንግ ላይ ከመብሳቴ በፊት ጫፎቹን የናይለን ክር ሙጫ እያጠጣሁ ጥቅጥቅ አድርጌ ጠመጠምኳቸው። ደርቆ ስበሳው ቀዳዳው ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ጓዳ ገብቼ ብቻዬን እልል አልኩ።

እሁድ ዘንጉን መኪናህ ላይ ገጥሜ፣ በነጠላ ጠቅልያት ከሰለሞንና ከሐያት ጋር ጎባ ወጣሁ። ጓደኞችህ ተነስተው ተቀበሉኝ። አንደኛው በሐዘኔታ አየኝና «ለመታሰቢያ መደርደሪያ ላይ ብታስቀምጫት አይሻልም?» አለ። «ከድር መደርደሪያ የሚወድ ሰው አልነበረም» አልኩት። ሪሞቱን ሐያት ልትይዝልኝ ብትፈልግም እኔው ያዝኩት።

መኪናህ ስንጥቁ ጋ ስትደርስ ጎማዋ ተቀረቀረ። የዘንጉ መሰበር ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ቀድሞ ተሰማኝ። መሪውን ቀስ ብዬ ወደ ግራ፣ ቀስ ብዬ ወደ ቀኝ አዞርኩ። ጎማዋ ድንጋዩን ነከሰች። አፍንጫዋ ቀና አለ፤ ተንፏቀቀች፤ ጫፉ ላይ ወጥታ ቆመች። ሰለሞን «ጀባዹ ዘሃራ! በርቺ!» ብሎ ሲጮህ ሐያት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

መደርደሪያ ላይ አስቀምጫት ያለኝ ሰው ዘንጉን እያገላበጠ «ከየት አስመጣሽው?» አለኝ።

«ከቤቴ» አልኩት። ከድር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀና ብዬ የመለስኩት መልስ የለም።

አሁን ለሁሉም ሠርቼላቸዋለሁ፤ ከአጋርፋም መኪናቸውን ይዘው የሚመጡ አሉ። ሐያት ለጓደኞቿ «እናቴ ልብስም የመኪና መሪም ትሠራለች» ስትል ሰምቼ ሳቅኩ። ሴቶቹ ደንበኞቼም ተራቸውን እየጠበቁ ዘንጎቹን አንስተው ለማጉበጥ ይታገላሉ፤ አልሆን ሲላቸው እኔን ያያሉ።

አልረሳህም፣ የኔ ጌታ። በየሶላቴ ዱዓ አደርግልሃለሁ፤ ጁምዓ ጁምዓ ቀብርህ ዘንድ መጥቼ ፋቲሐ እቀራልሃለሁ። ቀርቼ ስጨርስ ግን ወዲያው አልነሳም። ቁጭ ብዬ በሳምንቱ ምን እንደሠራሁ፣ የቱ እንዳስቸገረኝ፣ የቱ እንደተሳካልኝ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ፤ አላህ እድሜ እስከሰጠኝ ድረስ።

ሚስትህ ዘሃራ