እታለም እሁድ ስትደውል

ለእማዬ፣ ለኔ ቆንጆ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ በሰጡሽ ቅባት ለቀቀሽ? አባዬ እንዴት ነው፣ ሳሉ ተሻለው? እኔን ካልሽ እንደ ድንጋይ ነኝ። ወፍሬያለሁ፣ አምሮብኛል፣ ጎማ ቤቱ ውስጥም ከኔ ጋር የሚፎካከር የለም። የመኪና ጎማ በአስራ አንድ ደቂቃ ፈትቼ፣ ጠግኜ፣ መልሼ አስራለሁ። አለቃዬ ራሱ ሰዓት ይዞ ቆጥሮልኛል። ይሄን ለጎረቤት ሁሉ ንገሪ።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ደንበኛዬ የሆነ ሾፌር ነው፤ ቅዳሜ ይደርሳል። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ የትልቋ ልጅሽ የእታለም ስም ሲነሳ ጆሮዬ ላይ ስለምትዘጊብኝ ነው። ወረቀት ላይ ስልክ መዝጋት የለም። መነጽርሽን አድርጊና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፣ በሞቴ።

እታለምን ካኮረፍሻት ይኸው ስምንት ወር ሆነ። እውነትሽን ነው፣ ያለችሽ ነገር ይከብዳል። ጠዋት ደውላ «እናቴ፣ ዓለሜ» ስትልሽ ቆየች፤ አንቺ «በር ላይ ሰው መጣ» ብለሽ ዘጋሽ፤ ከሰዓት መልሳ ደውላ «አንቺ እናት አይደለሽም» አለችሽ። ጥጋብ መሰለሽ። እኔም ጥጋብ መስሎኝ ነበር። አይደለም እማዬ። የስሜት ሕመም ነው፣ ስምም አለው፣ በሐኪሞች ቋንቋ ቦርደርላይን ይባላል።

እንዴት እንዳወቅን ልንገርሽ። ያው አብረን አይደል የምንኖረው? አንድ ቀን ሥራ በዝቶብኝ ሁለት ሰዓት ያህል ዘገየሁ። አስራ ሰባት ጊዜ ደውላለች፤ እጄ በማሽን ቅባት፣ በግራሶ ተለውሶ ስለነበር አላነሳሁም። ቤት ስደርስ ልብሴ በሙሉ ወደ ክፍላችን የሚያወጣው ደረጃ ላይ ተበትኗል። «አንተም እንደ ሌሎቹ ልትጥለኝ ነው፣ ጥፋ ከዚህ!» ትለኛለች። ጠዋት እኮ «እንዳንተ ያለ ወንድም የት ይገኛል» እያለች ሸሚዜን ተኩሳልኛለች! እኔስ የማን ልጅ ነኝ? እኛ ቤት ማኩረፍ ሙያ ነው። አባዬ በአንድ ወንበር የተነሳ አጎቴን ሁለት ዓመት አላናገረውም። እኔም ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቃል አልተነፈስኩም። ያሸነፍኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን የምትሠራበት የስፌት ቤት አለቃዋ ደወለችልኝ። ራሷን ጎድታ ክሊኒክ ወስደዋታል። አትደንግጪ፣ ድናለች፣ አሁን ደህና ናት። ግን ክንዷ ላይ አይተሽ «ማሽን ነው» ያለችሽ ጠባሳም የማሽን አልነበረም። ይሄን ንገራት ያለችኝ ራሷ እታለም ናት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ግን አትቻልም። «ስትጣሉ ምን አልካት?» አለችኝ። «ምንም!» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። «ለሷ ምንም አለማለት ሄድኩ ማለት ነው» አለች። ግማሽ ሰዓት ተከራከርኳት። ተረታሁ። ይሄን እንኳ ለማንም እንዳትነግሪ።

እንዳስረዳችኝ እታለም ከምንም በላይ የምትፈራው ሰው እንዳይተዋት ነው። አንድ ሰው ፊቱን ሲያዞርብን እኛን ቅር ይለናል፤ እሷ ግን ቤት የተደረመሰባት ያህል ይሰማታል። ያኔ የምትወደው ሰው በአንዴ ጠላት ይሆንባታል። ስትወድም ስትጠላም የእውነቷን ነው፣ አታስመስልም። ሲበርድላት ደግሞ ራሷን ትጠላለች፣ «ውስጤ ባዶ ነው» ትላለች። እኔ ቀዳዳውን ሳልፈልግ የተነፈሰ ጎማ ላይ አየር ስሞላ ነበር የኖርኩት። ጥፋቱ የማነው ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኳት። አንዳንዱ አብሮ የሚወለድ ነው፣ አንዳንዱን ኑሮ ይጨምርበታል፣ ጥፋተኛ ፍለጋውን ተወው አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እኔም ሐኪም ሆንኩልሽ! አለቃዬም ቦርደርላይን፣ ጎረቤቴም ቦርደርላይን ማለት ጀመርኩ። ሐኪሟ ሳቀችብኝ። «የተቆጣ ሁሉ ታማሚ አይደለም። መለየቱን ለኛ ተውና አንተ ጎማህን ጠግን» አለችኝ።

ዋናው መድኃኒቱ ክኒን ሳይሆን ንግግር ነው ብልሽ ታምኛለሽ? በሳምንት ሁለት ቀን ትሄዳለች፣ አንዱን ለብቻዋ፣ አንዱን ከሌሎች ጋር። ያ ስሜት ሲመጣባት ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ትታጠብና «ይሄ ፍርሃት ነው» ብላ በስሙ ጠርታ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። እኔ ደግሞ ስናደድ ጎማ ላይ ምልክት በማደርግበት ጠመኔ በሩ ላይ እጽፋለሁ፤ «ተናድጃለሁ። አስራ አንድ ሰዓት እመጣለሁ።» አስራ አንድ ሲል ከች ነው! ጽሑፌን ታውቂው የለ፣ እሷ በቀይ ታርመዋለች። ልብሴን ብትጥል ግን «ይሄን አልቀበልም፣ ቢሆንም የትም አልሄድም» እላታለሁ። አንድ ሁለቴ ክፉ ቀን መጥቶባት ነበር፣ አለፈ። ከአራት ወር ወዲህ ደረጃው ላይ ካልሲ እንኳ ወድቆ አላየሁም። ስትሰፋ ትዘፍናለች፤ ድምጿ ያው እንደ ድሮው ጆሮ ያሳምማል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የሁለት ሳምንት ፈቃድ ተሰጥቷታል። ቤት መምጣት ትፈልጋለች፣ ግን «የእማዬን ድምፅ ሳልሰማ ቲኬት አልቆርጥም» ብላለች። እሁድ ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ትደውልልሻለች። እኔ በዘጠኝ ቀን ኩርፊያ ምን እንዳደረስኩ ነገርኩሽ፤ ያንቺ ስምንት ወር ነው። አንሺው እማዬ። ከተናደድሽ «ተናድጃለሁ» በያት፣ ትችለዋለች። መዝጋት ካለብሽም መቼ እንደምታናግሪያት ነግረሻት ዝጊ። ይቅርታ ለመጠየቅ መስታወት ፊት ስትለማመድ ሰምቻታለሁ፤ ቃሉ ቢጠፋባት እንኳ ትንሽ ጠብቂያት።

አባዬን ሳልህን ታከምልኝ በይው፣ ሐኪም ቤት ካልሄደ መጥቼ ተሸክሜ እወስደዋለሁ። ያቺን ለፍላፊ ታናሼን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ፈተናዋን ካለፈች ጫማ እልክላታለሁ። አክስቴን የላክሽለት ሹራብ ጠቦታል፣ ደረቱ ሰፍቷል በያት። እታለምም ሰላም ብላሻለች። እሷም ልትጽፍልሽ እስክሪብቶውን ተቀብላኝ ነበር፤ ትንሽ ይዛው ቆየችና መለሰችልኝ። «የኔን እሁድ በአፌ እነግራታለሁ» አለች።

ወንዱ ልጅሽ

ከጎማ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍላችን፣ ሐሙስ ሚያዝያ 9 ቀን