ጋራምባ ላይ የነገርኩት መርዶ

ሐምሌ 28፣ እሁድ

ብሩኬ፣ አጎታችን ዛሬም አልጋህ ላይ ነው የተኛው። እግሩ ከአልጋህ ጫፍ ተርፎ ወደ እኔ ፊት ይመጣል። ያንኮራፋል። ና አስነሣው። እኔ ታናሽ ስለሆንኩ አፍሬ ነው እንጂ አስነሣው ነበር።

መሞትህን ካወቅኩ ጀምሮ አንድ ደቂቃ ብቻዬን አልተውኝም። ሽንት ቤት ስቆይ በር ይንኳኳል። አጎቴ ከደ/ብርሃን መጥቶ እስከ አርባው ንቅንቅ አልልም ብሏል። መብራት ካጠፋን በኋላ ኤርሚ፣ ተኛህ ወይ? ይለኛል። ተኝቼ ከሆነ እንዴት አድርጌ ልመልስለት ነው?

ዛሬ ሊያጽናኑ ከመጡት አንዷ፣ የጎረቤታችን እህት፣ እኔን እያየች ለእማዬ፣ ደግነቱ ፈተናውን በደንብ ሠርቷል አለቻት። ደግነቱ። ተነሥቼ ወጣሁ። አባዬ በዓይኑ ተከተለኝ። ዞሬ አላየሁትም። ካወቅኩበት ቀን ጀምሮ አላናገርኩትም። እማዬ ከአርባው በፊት ከአባትህ ጋር ተነጋገር ትላለች። አልነጋገርም።

ሐምሌ 30፣ ማክሰኞ። ከሰዓት

ዝናብ። አጎቴ እድር ሄዷል። አንዴ በቅደም ተከተል ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስገቡን። ስልክ ክልክል። ሳምንቱን ሙሉ መውጣት ክልክል። ሰኞ ጠዋት ፍራሼን ተሸክመህ እስከ በሩ አደረስከኝ፣ ዓርብ ስትወጣ እዚሁ ቆሜ እጠብቅሃለሁ አልክ፣ ከዚያ ጋራምባ ተራራ እንወጣለን። ማክሰኞ እንግዶች አስጎብኝተህ ከመስክ ስትመለስ መኪናችሁ ተገለበጠ። ረቡዕ ቀበሩህ። ረቡዕ እኔ ሒሳብ እየሠራሁ ነበር።

ዓርብ ስወጣ በሩ ላይ የአክስቴ ባል። ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ ሞልቶታል፣ ዛሬ እኛ ጋ ታድራለህ አለኝ። አመንኩት። መሃል ከተማ፣ አክስቴ ቤት። አክስቴ የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች። በተራ ዓርብ! ራሷን በሻሽ አስራለች፣ አሞኝ ነው አለች። ጥቁሯን አውልቃ እንደነበር፣ ከሻሹ ሥር ፀጉሯን እንደተላጨች፣ ያወቅኩት በማግስቱ ነው።

ሽሮ በላሁ። ስለ ፊዚክሱ ፈተና አወራሁ፣ አወራሁ። ሳቁ። ብሩኬ፣ ሳቁልኝ። አንተ ጋ አራት ጊዜ ደወልኩ። ዝግ ነው። አክስቴ መስክ ነው፣ ኔትወርክ የለም አለች። ጨረስኩ፣ ጋራምባ መቼ ነው? ብዬ ጻፍኩልህ። እስካሁን አልደረሰም ይላል።

ሊነጋ ሲል፣ 11 ሰዓት ላይ፣ መብራት በራ። ጋቢ የለበሱ የእድር ሽማግሌዎች በሩ ላይ። መሃላቸው አባዬ። ደህና አደርክ የሚል የለም። ያኔ ገባኝ።

ቤት ስደርስ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አልቅሶ አልቅሶ ደክሞታል። እኔ ገና መጀመሬ ነው። በቃ፣ በቃ አሉኝ። በቃ?

ሰፈራችን አዲስ ከተማ በሙሉ ያውቅ ነበር። የሰፈሩ የባጃጅ ሾፌሮች ሁሉ። አንተን አፈር ሲያለብሱህ ያልነበረ እኔ ብቻ። ማን ወሰነ ስል፣ አባትህ፣ ዓመቱን ሙሉ የለፋህበት እንዳይበላሽ ብሎ ነው አሉኝ። ለፈተና።

ነሐሴ 2፣ ሐሙስ

ምሳ ላይ ተናገርኩ። ቅዳሜ ጋራምባ እወጣለሁ። ብሩኬ እወስድሃለሁ ብሎኛል፣ ካልወሰደኝ ብቻዬን እሄዳለሁ አልኩ። እማዬ አርባው ሳይወጣ፣ በዚህ ክረምት ብላ አለቀሰች። አጎቴ፣ ተራራ ላይ ምን አለ? አለ። ምንም የለም አልኩት፣ ለዚህ ነው የምሄደው።

አባዬ ቀና አላለም። ዝም ማለት ይችልበታል።

ነሐሴ 4፣ ቅዳሜ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ መነኸሪያ

አላምንም። ሚኒባሱ ውስጥ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ኮት። የቢሮ ጫማ። ጃንጥላ። ቦታ ይዤልሃለሁ አለኝ። መጨረሻው ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።

10 ሰዓት

ደረስን። ጫፉ ላይ ሳይሆን ጎጆው። መኪናው ከጣለን በኋላ አምስት ሰዓት በእግር። ጭቃ። ቀርከሃው ውስጥ ጉም ገብቶ ፊት ለፊት ያለ ሰው አይታይም። አባዬ ሦስት ጊዜ ወደቀ። አላነሣሁትም። እንዲህ ብዬ መጻፍ ደስ አይልም፣ ግን አላነሣሁትም። ነፋሱ ጃንጥላውን ገለበጠው፣ እጀታውን ይዞ ቀረ። ልስቅ ነበር። አንተ ብታየው መሬት ላይ ትንከባለል ነበር። ከዚያ በረዶ። ሽንብራ የሚያህል፣ በኋላ ለውዝ የሚያህል። ሮጥን።

የጫካ ጠባቂዎች ጎጆ ነው። ግድግዳው ቀርከሃ፣ መሃል ላይ እሳት። ሁልጊዜ የምታወራልኝ አባባ ላታሞ በሩን ከፈቱ። ማን ነህ ሳይሉኝ፣ የብሩክ ወንድም አሉ። ያው ግንባር፣ ያው ጆሮ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

ማታ 1 ሰዓት

ነጎድጓድ። ጣራው የሚነቀል ይመስላል። መውረድ የለም፣ እዚሁ ማደር ነው። እሳቱ አጠገብ እየጻፍኩ ነው። አባባ ላታሞ ቆጮና ወተት አቀረቡ። አባዬ ጾም ነው፣ ደረቁን ቆጮ ይዞ ያኝካል። ጫማውንና ካልሲውን እሳት ዳር አስጥቷል።

ሽማግሌው ስላንተ ያወራሉ። እንግዶች ይዘህ ስትመጣ አልጋውን ለእንግዳ ትተህ ከሳቸው ጋር መሬት ትተኛለህ አሉ። ከወንዙ ማዶ ቤታቸው ላለችው ሚስታቸው የዓይን ጠብታ ታመጣለህ አሉ። ይሄን አልነገርከኝም። ከዚያ ጠየቁ። ብሩክ የት ቀረ? ከልጁ ፈተና በኋላ እንመጣለን ብሎኝ ነበር።

እኔ አፌን ሳልከፍት አባዬ መለሰ። ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው አለ። ዓይኑ ሳይርገበገብ።

እሳቸው ሳቁ፣ ሥራ ጥሩ ነው አሉ። ወተት ጨመሩልኝ። ሳቃቸውን ሳይ የራሴን ፊት አየሁ። ሽሮ እየበላሁ። ስለ ፊዚክስ እያወራሁ።

አሁን ደግሞ የሚስታቸውን ሰላምታ ላንተ እንዳደርስ መልእክት…

ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። ስልኬ ረጥቦ ጠፍቷል።

ተናገርኩ። አባባ፣ ዋሽቶዎት ነው፣ ብሩክ ሞቷል፣ ወር አልፎታል አልኩ። እንደዚሁ። ወተቱን እንደያዝኩ።

አልጮሁም። ልጁ ይቀልዳል እንዲላቸው አባዬን አዩት። አባዬ አንገቱን ደፋ። ኩባያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ፣ ብርድ ልብሳቸውን ደረቡና በሩን ከፍተው ወጡ። ለሽንት መስሎኝ ነበር።

አባዬ ግን ወዲያው ተነሣ። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው፣ ሚስታቸው ጋ ሊሄዱ ነው አለ። በባዶ እግሩ ሮጠ። ባትሪ አብርቼ ተከተልኩት። በረዶው ፊት ይገርፋል። ወንዙ አይታይም፣ ይሰማል፣ ቀን በድንጋይ ላይ ዘልለን ያለፍነው ቦታ እንደ ከባድ መኪና ያጓራል። መብረቅ ሲበራ አየኋቸው። ዳሩ ላይ ናቸው። አንድ እግራቸው ውሃ ውስጥ ነው።

አባዬ ከኋላ አቀፋቸው። ሁለቱም ወደቁ። ሽማግሌው በሲዳምኛ አንድ ቃል ይደጋግማሉ፣ ሊያስለቅቁት ይታገላሉ። አባዬ ጭቃው ውስጥ ተቀምጦ፣ አጥብቆ እንደያዛቸው፣ ከዝናቡ በላይ ጮኸ፦

«ብቻዎን አይሂዱ። እዚሁ አብረን እናልቅስ።»

ደግፈን መለስናቸው። የአባዬ እግር ተሰንጥቆ ደም ይፈሳል።

አለቀሱ። ሁለቱም። ድንኳን ውስጥ አባዬ እንግዳ ሲቀበል፣ ወንበር ሲያስመጣ ነበር የማየው። ሲያለቅስ ዛሬ ገና አየሁት። ላየው አልፈለግኩም። ሄጄ ጭራሮ እሳቱ ውስጥ ጨመርኩ፣ ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ።

ንጋት ላይ፣ ሳይነጋ

ሽማግሌው ተኝተዋል። ዝናቡ ቀንሷል። አባዬ እሳቱን እያየ ተናገረ። አልጠየቅኩትም።

ረቡዕ ከቀብር ቀጥታ ዩኒቨርሲቲው በር መጥቶ ነበር። ሰዎቹን ጥሎ፣ አፈሩ ጫማው ላይ እንዳለ። መንገዱን ተሻግሮ ሊስትሮዎቹ ጋ ቆመ። በአጥሩ በኩል አየኝ። የምሳ ሰልፍ ላይ ነበርኩ፣ የአንዱን ልጅ ማጅራት መትቼ እስቃለሁ። አፉን ሊከፍት ነበር። ይችን ምሳ ይሳቅ፣ ከምሳ በኋላ እጠራዋለሁ አለ ለራሱ። ከምሳ በኋላ ከዚህ ብጠራውም አይሰማኝም አለና ሄደ። ሐሙስም መጣ። ሐሙስም እንደዚያው። ፈተናው ትዝም አላለኝ አለ። ለፈተናው ነው ያልኩት ለሰው ነው፣ ለሰው የሚነገር ነገር ሲጠፋኝ ነው አለ።

ደብተሬን ገለጥኩ።

ብሩኬ፣ መርዶ በሌሊት የማይነገረው ለምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ሽማግሌውን ወንዝ ውስጥ ልከታቸው ነበር። እኔ ነኝ። አባዬ ዛሬ ትክክል ነበር። ያውም እሳቸውን ሊያቆያቸው የነበረው ለአንድ ሌሊት ነው። እኔን ግን ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ። አንድ ሌሊት አይደለም። ዛሬ ትክክል መሆኑ ያኔ ትክክል አያደርገውም። እንዲያውም ንዴቴ ጨመረ። እስከ ዛሬ ለፈተና ብሎ ነው እያልኩ እጠላው ነበር፣ ያ ቀላል ነበር። አሁን የምጠላውን ነገር አጣሁት፣ ንዴቱ ግን አለ።

ነሐሴ 5፣ እሁድ። ማታ፣ ቤት

ጫፉ ላይ አልወጣሁም። ወንዙ ሲጎድል ከአባባ ላታሞ ጋር ወረድን። ቤታቸው ስንደርስ ቀጥታ አልገቡም። መጀመሪያ ጎረቤት አስጠሩ፣ የሚስታቸውን እህት አስጠሩ፣ ሴቶቹ ሴትየዋን መሃል አስቀመጧት፣ ከዚያ ነገሯት። ስትወድቅ የሚይዛት ብዙ እጅ ነበር። እኔ ደጅ ቆሜ ሰማሁ።

ስንሄድ ሽማግሌው ጭንቅላቴን ያዙ። ይቅርታ ልላቸው ነበር፣ አላስጨረሱኝም። ደግ አደረግህ ልጄ፣ ግን ሁለተኛ እንዲህ አትንገር አሉኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ አባዬ ጎን ተቀመጥኩ። ሌላ ቦታ አልነበረም። እስከ ሀዋሳ በመስኮቱ ውጪውን እያየሁ መጣሁ።

ነሐሴ 11፣ ቅዳሜ

አርባህ ወጣ። ፍትሐት፣ የጾም ወጥ፣ የተከራየ ወንበር። አባዬ እያነከሰ ያስተናግዳል። ሰው እግሩን ምን ሆነ ይላል፣ አንሸራቶት ነው ይላል። ሲዋሽ ሰማሁት። ይሄኛውን ዝም አልኩ። ሁሉም በልቶ ሄደ። አጎቴ ነገ ይሄዳል። ሻንጣውን አልጋህ ላይ ዘርግቶ ካልሲ ይቆጥራል።

ነሐሴ 13፣ ሰኞ

ዛሬ የመጀመሪያው ብቻዬን የነቃሁበት ጠዋት። ማንም ተኛህ ወይ አላለኝም። አልጋህ ተነጥፏል፣ አጎቴ ነው ያነጠፈው፣ ጠማማ አድርጎ። አላስተካከልኩትም። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ነች። አባዬ ሥራ። ቤቱ ዝም ሲል ጆሮ ያማል። ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ወዴት የሚለኝ የለም።

በእግሬ ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ ሄድኩ። መንገዱን ተሻግሬ ሊስትሮዎቹ ጋ ቆምኩ። አንዱ፣ ጫማ ካላስጠረግክ መንገድ አትዝጋ አለኝ። ትንሽ ጠጋ አልኩ። የክረምት ተማሪዎች ናቸው ውስጥ ያሉት፣ አብዛኞቹ መምህራን፣ ትልልቅ ሰዎች። በአጥሩ በኩል ይታያሉ። ሁሉ ነገር ይታያል። መነጽር ያደረገ አንድ ሰውዬ ሲስቅ ጥርሱ ይታያል። አንድ ሰው ሞቶበት ይሆናል፣ አያውቅም። ለመጥራት ሞከርኩ፣ አፌ አልከፈት አለኝ። ብዙ ቆምኩ። ሊስትሮው፣ ሰው ጠፍቶብህ ነው? አለኝ።

ከዚያ በሙሉ ድምፄ፣ ኤርሚ! ብዬ ጠራሁ። የራሴን ስም። መነጽራሙ ዞረ። አጠገቡ ያሉት ሁሉ ዞሩ።

ቀጥታ አባዬ ቢሮ ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ። የሥራ ባልደረቦቹ ሲያዩኝ እንደ ለቅሶ ቤት ከወንበራቸው ተነሡ። አባዬም ተነሣ፣ ምን ሆንክ አለ።

«ይሰማል» አልኩት። «ከሊስትሮዎቹ ጋ ሆነህ ብትጠራኝ ይሰማኝ ነበር። መጥራት ነበረብህ።»

መነጽሩን አወለቀ። ባልደረቦቹ ወጡ።

«አዎ» አለ።

ወንበር ሳበልኝ። ተቀመጥኩ።